በሰው አፍ መነጋገር፦ ባልና ሚስት እንግዶች በቀድሞዋ አራዳ

አዲስ አበባ በ1886 እ.ኤ.አ. ከተቆረቆረች በኋላ ባሉት ሃምሳ ዓመታት የከተማዋ የንግድ እምብርት አራዳ ነበር። አራዳ ሲባል በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተዘረጋው ሰፊ ገበያና ገበያውን ተከትለው የበቀሉት ሱቆች፣ ጠጅ ቤቶችና የነጋዴ መኖሪያዎች ማለት ሲሆን፣ ፒያሳ የሚለው ስም ደግሞ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ሆኖ ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ከቆየው የወረራ ዘመን ወዲህ ለዚሁ ሰፈር የጸና መጠሪያ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው፣ መልእክተኛም ይሁን ነጋዴ፣ ሐኪምም ይሁን አገር ሊያይ የመጣ መንገደኛ፣ አራዳን ሳይረግጥ የሚመለስበት ምክንያት አልነበረም፤ እህሉ፣ በቅሎው፣ ጨርቁ፣ ባንኩ፣ መድኃኒቱና ኋላም ማደሪያው የሚገኘው እዚያው ነበርና። እነዚህ እንግዶች የከተማዋን ቋንቋ አንዲት ቃል ሳያውቁ እንዴት ይበሉ፣ ይገዙና ይስተናገዱ እንደነበር ግን የታሪክ ጸሐፊዎች በቂ ትኩረት ያልሰጡት ጉዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ባልና ሚስት ለመዝናናት ብለው ባዕድ አገር መሄዳቸው በዚያ ዘመን ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር ነበር። በአገሩ ልማድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ የሚሄደው ለንግድ፣ ለዘመቻ፣ ለዳኝነት፣ ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ገዳም ለመሳለም ነው፤ ከሁሉም የራቀው ጉዞ ወደ ኢየሩሳሌም የሚደረገው ስለነበር ከዚያ የተመለሰ ሰው ዕድሜ ልኩን ተሳላሚ እየተባለ ይከበር ነበር። አዲስ ሙሽሮችማ ጭራሹን ከቤት አይወጡም፤ ጫጉላ የሚባለው የሙሽርነት ጊዜ በተለየ ዳስ ወይም ቤት ውስጥ ተሸሽገው፣ በሚዜዎች እየተጠበቁና እየተመገቡ የሚያሳልፉት ነው። ስለዚህ አንድ ፈረንጅ ከነሚስቱ በበቅሎ ተጉዞ አራዳ ሲደርስ ያየው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ጉዳይ ኖሮት እንደመጣ ነበር፤ ለማየት ብቻ ነው የሚለው መልስ ለሰሚው እምብዛም የሚዋጥ አልነበረም፤ በድንበር ሽሚያው ዘመን አገር የሚያይ ሰው ለማን እንደሚያይ መጠርጠሩም የዋህነት አልነበረም።

የቋንቋውን ችግር በተመለከተ አብዛኞቹ የአውሮፓ ተጓዦች የጻፉት አንድ ዓይነት ምሬት ነው፤ የፈለጉትን ለመናገር ሁለትና ሦስት ሰው በመካከል መቆሙን እንደ እንቅፋት ቆጥረውታል። ይህ አስተያየት ከግማሽ በላይ የተሳሳተ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሰው አፍ መነጋገር በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ለባዕዳን ተብሎ የተፈጠረ ሳይሆን ለአገሬውም የተሠራ ሥርዓት ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ፍርድ የሚያሰሙት አፈ ንጉሥ በሚባለው ባለሥልጣን፣ ማለትም የንጉሥ አፍ ተብሎ በተሾመው ዋና ዳኛ ነበር፤ ወደ ንጉሡ መግባት የሚፈልግ ሰው በእልፍኝ አስከልካዩ በኩል ያልፋል፤ ጉዳዩን የሚያቀርብለት ደግሞ ባልደረባ ነበር። ባልደረባ ማለት በቤተ መንግሥት በኩል ለባለጉዳዩ የሚመደብ፣ ቃሉን ተቀብሎ የሚያደርስ፣ መልሱን ይዞ የሚመለስና ለደኅንነቱም ተጠያቂ የሚሆን ሰው ነው። አማርኛ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ መኰንን እንኳ ባልደረባ ያስፈልገው ስለነበር፣ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የገባ ፈረንጅ ያጋጠመው የቋንቋ ግድግዳ ብቻ አልነበረም፤ ከግድግዳው ይልቅ በሩ ይበዛ ነበር፣ በየበሩም ጠባቂ ነበረበት።

ሆቴል ከመኖሩ በፊት የእንግዳው ኑሮ ሁሉ በዚሁ በባልደረባው እጅ ነበር። ወደ ከተማዋ የገባ እንግዳ ድንኳኑን እንዲተክል ቦታ ይመራለታል፣ ከቤተ መንግሥትም ድርጎ ይላክለታል፤ ድርጎ ማለት ለእንግዳው፣ ለአሽከሮቹና ለከብቶቹ እንደየማዕረጉ ተቆጥሮ የሚሰጥ ቀለብ ሲሆን እንጀራ፣ በግ፣ ቅቤ፣ ማር ወይም ጠጅና ገብስ ይገኝበታል። ድርጎ ተቀባዩ አይከፍልም፤ ነገር ግን ስጦታ ማቅረቡና ሳይሰናበት አለመሄዱ የታወቀ ነው። ስለዚህ በአራዳ የመጀመሪያው ዘመን እንግዳ ቋንቋ ባያውቅም አይራብም ነበር፤ የማይችለው ብቻውን መዞርን ነበር።

ቃል በቃል የሚያስተረጉሙት ሰዎች ከየት እንደመጡ ሲመረመር የዘመኑ ታሪክ በትንሹ ይታያል። አንዳንዶቹ ሐረር ላይ በካፑቺን ካቶሊካውያን ዘንድ ፈረንሳይኛ የተማሩ፣ አንዳንዶቹ በምጽዋ አጠገብ በስዊድን ወንጌላውያን ትምህርት ቤት ያለፉ፣ ሌሎቹ በኤርትራ ከጣሊያን ሹማምንት ጋር የሠሩ፣ የቀሩትም በጅቡቲና በዔደን ወደብ አሽከርነት ገብተው ከጆሯቸው በቀር መምህር ያልነበራቸው ናቸው። የሥራው ክብደት በ1889 በውጫሌ ውል ታይቷል፤ በግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ አስተርጓሚነት የተዘጋጀው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ መገኘቱ ለዓድዋ ጦርነት መነሻ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ እንደነበር የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ለአስተርጓሚ ያለው ጥንቃቄ ጨመረ፣ ፈረንሳይኛም የመካከለኛ ቋንቋነቱን ቦታ እየያዘ ሄደ። ሮበርት ስኪነር የመራው የአሜሪካ መልእክተኛ ቡድን በ1903 አዲስ አበባ ላይ የተፈራረመው የንግድ ውል እንኳ የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው እንግዳ ከአራዳ ጋር የሚገናኘው በሦስተኛ አገር ቋንቋ ነበር ማለት ነው። በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም የውጭ ቋንቋን ከዋና ትምህርቶቹ አንዱ ያደረገው የመንግሥቱን ጉዳይ ባዕዳን እንዳያስተረጉሙበት ነው።

መንገደኛው ራሱ አማርኛ እንዲማር የተዘጋጁ መጻሕፍትም ነበሩ። ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይየ በ1891 የአማርኛ መማሪያ አሳትሟል፤ ጣሊያናዊው ኢኛሲዮ ጉዊዲ በ1901 የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት አውጥቷል። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከሁሉም የሚቀርበው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ ያሳተመው የአቢሲኒያ መንገደኛ መምሪያ ነው። አፈወርቅ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን “ልብ ወለድ ታሪክ”ን ያሳተመ ደራሲ ሲሆን፣ ይህ መምሪያው በአማርኛና በፈረንሳይኛ በንግግር መልክ የተዘጋጀ ነው። መጽሐፉን ከተራ የመንገደኛ መጽሐፍ የሚለየው ደራሲው በንግግሩ መካከል የአገሩን አስተዳደር አጥብቆ መንቀፉ ነው፤ ቀለብና በቅሎ መጠየቂያ ሊማርበት የገዛው ፈረንጅ ሳያስበው የአንድ ቅር የተሰኘ ኢትዮጵያዊ ምሁርን ክስ ያነባል። በምኒልክ መንግሥት ላይ ያቀረበው ነቀፌታ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እንግዳውና አገሬው ሊነጋገሩበት የሚችሉትን ነገር ግን ከገበያ ዋጋ አልፎ ወደ አገር ጉዳይ ያሰፋ ሌላ የዚያ ዘመን የመንገደኛ መጽሐፍ መጥቀስ ያስቸግራል።

ጉዞው ራሱ በቋንቋ ብቻ የሚፈታ አልነበረም። የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1917 ስለሆነ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ባልና ሚስት እንግዶች ከድሬዳዋ ወዲህ ያለውን መንገድ በበቅሎ ይጨርሱት ነበር፤ መስመሩ ተጠናቆ 784 ኪሎ ሜትር ከሆነ በኋላም ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እየታደረ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። የባቡሩ፣ የጉምሩኩና የጣቢያው ቡፌ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው። ከለገሃር ሽቅብ ወደ አራዳ ሲወጣ ግን ፈረንሳይኛውም የሚሰንፍባቸው ነገሮች ይመጣሉ። አንደኛው ሰዓት ነው፤ የአገሩ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ በቅሎው ጠዋት በሁለት ሰዓት ይመጣል የተባለ እንግዳ ሰዓቱ ስምንት ሲል ዝግጁ መሆን እንዳለበት የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። በገበያው የሚታመነው ጠገራ ብር ይባል የነበረው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ የታተመበትና ሁልጊዜ 1780 የሚል ዓመት የያዘው ገንዘብ ነበር፤ አንዱ 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን 100 ብር ብቻ ወደ 3 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ሻጩ ብሩን ተቀብሎ ወዲያው ኪሱ አያገባውም፤ ገልበጥ አድርጎ የንግሥቲቱን ጌጥ ነጠብጣቦች ይመረምራል፣ ከድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል፣ ያረጀውን ወይም የተቦረቦረውን ይመልሳል። ከብሩ በታች ላለው ዝርዝር ደግሞ እንደየዘመኑና እንደየቦታው አሞሌ ጨው፣ ጥይትና ከ1894 ወዲህ የምኒልክ መሐለቅ ይሠራባቸው ነበር። በ1906 የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ ሰው ታላቅ እፎይታ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የብር ጆንያ የሚሸከምና የሚጠብቅ ሰው መቅጠር ቀረለት።

በገበያው ውስጥ አስተርጓሚውን የሚተካው ደላላው ነበር። ቅዳሜ ቀን አራዳ ሲሞላ የማር፣ የቅቤ፣ የእህል፣ የጨውና የበቅሎ ተራ ለየብቻው ይቆማል፤ ደላላው ከሁለቱም ወገን እየተቀበለ ዋጋ ያስማማል፣ እንግዳው በጣቱ ይቆጥራል፣ ሻጩ ራሱን ይነቀንቃል። ፈረንጁ አማርኛ ባለማወቁ ከሚከስረው ዋጋ ባለማወቁ የሚከስረው ይበልጥ እንደነበር መገመት አያስቸግርም፤ ይህም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ወደ ሱቆቹ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። የአርመን፣ የግሪክ፣ የሕንድና የየመን ነጋዴዎች በአራዳ ሥር የሰደዱት በሸቀጣቸው ብቻ አልነበረም፤ ብዙዎቹ ሦስትና አራት ቋንቋ የሚናገሩ ስለነበሩ ሸቀጡን ሊገዛ የገባው እንግዳ ምክርና ወሬም ይዞ ይወጣ ነበር። የሕንዱ የመሐመድ አሊ ኩባንያ መደብር፣ ከ1905 ገደማ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው የአርመኑ የቤድሮስ ቦያጂያን ቤት፣ ጆርጂያዊው ሐኪም መራብ የከፈተው መድኃኒት ቤት፣ እነዚህ ሁሉ እንግዳው ያለ አስተርጓሚ የሚገባባቸው በሮች ነበሩ። አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለው ግሪካዊ ነጋዴ እንዲያውም “አእምሮ” የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ጋዜጣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያዘጋጀ ሰው ነው፤ ባዕድ ለአገሬው በአገሬው ቋንቋ ወሬ ያደርስ ነበር።

ጠብ ሲነሳ ግን ቋንቋ ብቻውን አይበቃም። የገበያው ሹም ነጋድራስ፣ ማለትም የነጋዴዎች አለቃ፣ ቀረጥ ይሰበስባል፣ የንግድ ክርክርም ይዳኛል፤ የነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በፒያሳ የዚያ ሥልጣን ምስክር ሆኖ ቆሟል። በጥር 1908 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውና በፈራሚው ስም የክሎቡኮውስኪ ውል የሚባለው ስምምነት ለውጭ ዜጎች ልዩ መብት ስለሰጠ፣ ፈረንጅና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ የቆንስሉ ሰው በችሎቱ ይገኝ ነበር። ስለዚህ አንድ መንገደኛ ከጫኝ ጋር በኪራይ ቢጣላ በአንድ ወገን ነጋድራሱ፣ በሌላ ወገን ቆንስሉ፣ በመካከል አስተርጓሚው ይቀመጣሉ፤ ከሦስቱም ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቀው አንዱ ብቻ መሆኑ የሥልጣኑ ምንጭ ነበር።

ባልደረባንና ድርጎን ቀስ በቀስ ወደ ጎን ያደረገው ሆቴል ነው። እቴጌ ጣይቱ በአራዳ ያቋቋሙት ሆቴል ምሥረታው በ1898 ዓ.ም. ይጠቀሳል፤ ባለ ፎቅ ሆኖ ከፍ ባለ ጣሪያው፣ በሰፊ የእንጨት ደረጃውና በበረንዳው ዛሬም የሚታወቀው ይህ ቤት በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆቴል ነው። ምግብን በገንዘብ መሸጥ በመኳንንቱ ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር ምኒልክ ሹማምንቱን ሆቴል ገብቶ መብላትና ከፍሎ መውጣትን ለማስለመድ ብዙ እንደደከሙ በቃልም በጽሑፍም ሲነገር ኖሯል። የለውጡ ጥልቀት እዚህ ላይ ነው። ድርጎ የሚበላ ሰው የንጉሡ እንግዳ ነው፤ ሒሳብ የሚከፍል ሰው ግን የማንም እንግዳ አይደለም፤ ባልደረባ አይመደብለትም፣ ስጦታም አይጠበቅበትም፣ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል። ለሽርሽር የሚመጡ ባልና ሚስት በአራዳ ቦታ ያገኙት ከዚህ በኋላ ነው። ሆቴሉ በየዘመኑ በተለያዩ አስተዳዳሪዎች እጅ አልፏል፤ እንደ ሆቴል ደ ፍራንስና ማጀስቲክ ያሉ ሌሎችም ተከትለውት ተከፍተዋል፤ በእነዚህ ቤቶች የምግብ ዝርዝሩም ሰላምታውም ባመዛኙ በፈረንሳይኛ ነበር።

ከነሚስቶቻቸው የመጡትን በተመለከተ ስማቸው ተመዝግቦ የቀረው በሥራ የመጡት ናቸው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1879 ወደ ምኒልክ ቤት የመጣና አማርኛን አቀላጥፎ የሚናገር ሲሆን፣ በ1895 ያገባትን ፋኒ ጋቲከርን ይዞ በአዲስ አበባ ኖሯል፤ ለእሷ አስተርጓሚዋ ባሏ ነበር ማለት ይቻላል። የእንግሊዙ መልእክተኛ ዊልፍሬድ ቴሲጀርና ባለቤቱ ካትሊን ደግሞ በ1909 ተጋብተው በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲስ አበባ ገቡ፤ በ1910 በሌጋሲዮኑ ውስጥ የተወለደው ልጃቸው ኋላ የበረሃ ተጓዥነቱ ዓለም ያወቀው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። ሌጋሲዮን የሚባለው የመልእክተኛው መኖሪያና ጽሕፈት ቤት ከአራዳ ርቆ በሰፊ ግቢ የታጠረ ስለነበር፣ በዚያ የሚኖሩት ሴቶች ከከተማዋ ጋር የሚገናኙት በአሽከርና በወጥ ቤት አፍ ነው። ከአንድ ወር ያልበለጠ ጊዜ በሆቴል ያደሩ መንገደኞች በአራዳ ገበያ የረገጡት መሬት በሌጋሲዮን አምስት ዓመት ከኖሩት ሳይበልጥ አልቀረም።

በኅዳር 1930 በቅዱስ ጊዮርጊስ የተፈጸመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል አራዳን በአንድ ጊዜ በባዕዳን አጥለቀለቀው። በዋዜማው የምኒልክ ሐውልት ተመረቀ፤ ለመንግሥታት እንግዶች ቤትና መኪና ተመደበ፤ ባልደረባነት በአዲስ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው። መንግሥት ያልጋበዛቸው ጋዜጠኞችና ጎብኚዎች ግን ሆቴል ፍለጋ ተሯሩጠዋል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ በዚያ በዓልና እንደገና በ1935 መጥቶ ስለ ከተማዋ የጻፋቸው መጻሕፍት ለአንባቢው ሳቅ ይጋብዛሉ፤ ለታሪክ ምስክርነት ግን በጥንቃቄ የሚነበቡ ናቸው፤ ጸሐፊው አማርኛ ስለማያውቅ የሰማው ሁሉ በሰው አፍ ያለፈ መሆኑን አንባቢው መርሳት የለበትም። በ1935 የጦርነቱን መምጣት ሊዘግቡ የጎረፉት ጋዜጠኞች የአስተርጓሚን ዋጋ ሰቅለውት ነበር። ዎ ራሱ ያደረው በጀርመናውያን ባልና ሚስት በሚተዳደር ዶይቸስ ሃውስ በተባለ ማረፊያ ነው። በዚሁ ዓመት በአራዳ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር በኋለኞቹ ዓመታት ዘፈኑንና ጭፈራውን ለውጭ እንግዳም ስላሳየ፣ ቋንቋ የማያውቅ ሰው አስተርጓሚ ሳይፈልግ የሚቀመጥበት ስፍራ ሆነ።

የጣሊያን ወረራ ይህን ሁሉ ገለበጠው። የአራዳ ገበያ ለአገሬው ተብሎ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ እንዲዛወር ተወሰነ፤ አሮጌው አራዳ ለነጭ ከተማነት ታሰበ፤ ከ1937 ጀምሮ የወጡት የዘር ሕጎች በጣሊያናዊና በኢትዮጵያዊት መካከል ያለ ትዳር መሰል ኑሮን ወንጀል አደረጉ። ሕጉ ሰውን ከሰው ቢለይም ቋንቋን ከቋንቋ መለየት አልቻለም፤ ጣሊያንኛ ከጋራዡ፣ ከወጥ ቤቱና ከሲኒማው እየወጣ በፒያሳ ሰው አፍ ገባ፤ ከነጻነት በኋላ ከቀሩት ጣሊያናውያን ጋርም በምግብ ቤቶቹ፣ በኬክ ቤቶቹና በ1953 እንደተከፈተው ቶሞካ ባሉ ቡና ቤቶች ቆየ።

ከ1941 በኋላ በትምህርት ቤትም በመንግሥት ሥራም እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ስለወሰደ የድሮዎቹ አስተርጓሚዎች ሙያ በአንድ ትውልድ ውስጥ አረጀ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የመሩት የቱሪስት ድርጅት የ13 ወር ፀጋ በሚለው መፈክር አገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ ለሽርሽር መምጣት ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆኖ በመንግሥት ዘንድ ታወቀ፤ ይሁን እንጂ ዘመናዊዎቹ ሆቴሎች ከፒያሳ ቁልቁል ወደ አዲሱ ከተማ ወረዱ። በደርግ ዘመን የውጭ ጎብኚ በናሽናል ቱር ኦፕሬሽን በኩል፣ ከተመደበለት አስጎብኚ ጋር እንዲዞር ይገደድ ነበር፤ የምኒልክ ዘመን ባልደረባ ቢያየው ሥራውን ወዲያው ያውቀው ነበር።

ከዚያ ዘመን የቀረው በዓይን እየታየ ይቀንሳል። የጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቷል፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመርቆ፣ በማግስቱ ማለት በሚቻል ጊዜ ውስጥ ብዙ የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ለመንገድና ለልማት ሥራ ፈርሰዋል። ከቤቶቹ ጋር የሆቴል መዝገቦች፣ የአስተርጓሚ ቅጥር ወረቀቶች፣ የአሽከር መመስከሪያ ደብዳቤዎችና የአሮጌ ሱቅ ደብተሮች እንደ ቆሻሻ እንዳይጣሉ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት በእጁ ያለ ቤተሰብ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ወስዶ እንዲያስመዘግብ ያስፈልጋል፤ የአራዳ አስተርጓሚዎች ስም ከየትም በላይ የሚገኘው በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ነው።